ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ልወጋ ወይስ ልተወው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም እህቶቼ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፣ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ለክትትል ስሄድ ሐኪሟ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውሰጂ አለችኝ። እኔ ደግሞ ለራስ ምታት እንኳ ክኒን የምፈራ ሰው ነኝ። አማቴ "ለጉንፋን ብለሽ መርፌ?" ብለው ተቆጡ፣ ባሌ እንዳሻሽ ብሎ ገለል አለ። ፅንሱን ይጎዳል? ወይስ ሦስተኛው ወር እስኪያልፍ ልጠብቅ?

የመንታ እናት፦ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ በአምስተኛው ወር ተወግቻለሁ። የተወጋሁበት ክንድ ስላመመኝ በዚያ ጎን መተኛት አቅቶኝ ነበር፣ ማታ ላይም ትኩሳት ቢጤ ሞከረኝ፣ ፓራሲታሞል ስወስድ ለቀቀኝ። በቃ ይኸው ነው።

አዋላጇ፦ አማትሽ ያሉት ተራውን ጉንፋን ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ ግን ሌላ ነው፣ አልጋ ላይ ይጥላል። በእርግዝና ጊዜ ልብና ሳንባ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ የሰውነት መከላከያም ይለወጣል፣ ስለዚህ ወደ ሳንባ ምች ሊዞር ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በተነሳው ወረርሽኝ ነፍሰ ጡሮች ክፉኛ ተጎድተው ነበር። በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ ለእነሱ ይሰጥ ያለው ወዶ አይደለም።

መርፌው ውስጥ ያለው ቫይረስ የሞተ ስለሆነ ኢንፍሉዌንዛ አያሲዝሽም። በየትኛውም ወር መውሰድ ይቻላል። ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍተኛ ትኩሳት ራሱ ለፅንሱ ጥሩ አይደለም። በአፍንጫ የሚረጨው ግን ሕያው የተዳከመ ቫይረስ ስላለው ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ የቱ እንደሆነ ጠይቂ።

ተጠራጣሪው፦ ባለቤቴም እርጉዝ ናት። ፅንስ ያስወርዳል የሚል ጥናት አንብቤያለሁ፣ እሱንስ ምን ትሉታላችሁ?

አዋላጇ፦ በ2017 የወጣውን የአሜሪካ ጥናት ይሆናል ያነበብከው። አዎ፣ ነገሩን ያነሳው እሱ ነው፣ ክትባቱ አስወርዷል ብሎ ግን አልደመደመም። በ2019 እነዚያው ተመራማሪዎች ብዙ ሴቶችን ጨምረው ደግመው ሲያዩት ግንኙነት አላገኙም። ችግሩ የመጀመሪያው ወሬ ሲናፈስ ሁለተኛውን የሚያወራው ሰው ጠፋ።

ሰናይት፦ ስለ ልጁ ማንም አላነሳም እኮ! ሕፃን ስድስት ወር ሳይሞላው ይህን ክትባት አይወስድም። አንቺ ስትወጊ ሰውነትሽ የሚሠራው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፍለታል፣ እስከዚያ የሚጠብቀው እሱ ነው። እኔን ያስወሰነኝ ይሄ ነው። አምና ወስጃለሁ ብሎ መቅረትም የለም፣ ቫይረሱ በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ጠያቂዋ፦ ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ትንሽ አፍንጫዬን ይዞኛል፣ በዚህ ልሂድ?

አዋላጇ፦ ትኩሳት ከሌለሽ ሂጂ። ካለሽ እስኪሻልሽ ቆዪ። ከዚህ በፊት በክትባት ምክንያት ሰውነትሽ ክፉኛ ተቆጥቶ ወይም ጊላን ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም ይዞሽ የሚያውቅ ከሆነ ሳትወጊ ለሐኪሟ ንገሪያት። ከተወጋሽ በኋላም መከላከያው እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከሚያስነጥስ ሰው ራቅ በይ።