እናቴ በምትወስደው የድባቴ ክኒን ላይ የዕፅ እንክብል ብጨምርላት ጉዳት አለው?

ጥያቄ፦ ታላቅ ልጅ (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች፤ ምግብ ጠልታለች፤ ጎረቤት ቡና ሲጠራት እንኳ «አሞኛል በሏቸው» እያለች ትቀራለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ሆስፒታል ወሰድኳት። ድባቴ ነው ተብሎ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ታዘዘላት። እስካሁን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁም።

ከዚህ ሌላ የቆየ ቁርጥማት አለባት። ጉልበቷና የጣቶቿ አንጓዎች ጠዋት ጠዋት ይተሳሰሩባታል። ሲብስባት ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ገዝታ ትውጣለች። ከአምስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ አንድ ሻጭ የሰጣትን ቡናማ ዱቄት ጠዋትና ማታ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ በማር ትልሳለች። እውነቱን ለመናገር ዱቄቱ ጠቅሟታል፤ በሦስተኛው ቀን ያለ ምርኩዝ ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

አሁን ጀርመን አገር ያለችው የአክስቴ ልጅ «ሴንት ጆንስ ዎርት» የሚባል የዕፅ እንክብል ሁለት ብልቃጥ ላከችልን። እዚያ ሐኪም ሳይቀር ለድባቴ ያዝዘዋል ትላለች። ሳነብ ደግሞ ድባቴ ከሰውነት ብግነት (ከውስጥ መቆጣት) ጋር እንደሚያያዝ፣ እርድም ብግነትን እንደሚያበርድ አየሁ። እንክብሉን ከክኒኑ ጋር ላስጀምራት? ወይስ ክኒኑን አስቁሜ በእንክብሉና በእርድ ልተካው?

መልስ፦ ባለ መድኃኒት ቤት (ሐዋሳ)

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። እንክብሉን አትስጫቸው፤ ክኒኑንም አታስቁሚያቸው።

ዕፁ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 29 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 5,489 ሕሙማንን አይቶ ዕፁ ከማስመሰያ ክኒን (መድኃኒት ከሌለበት) የተሻለ፣ ከተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶች ጋርም የተቀራረበ ውጤት እንዳለው ጽፏል። ውጤቱ ጎልቶ የታየው ግን ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች በተደረጉት ሙከራዎች ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ340 ሰዎች ላይ በታተመ ሙከራ ደግሞ ዕፁም ሆነ አብሮት የተፈተነው የድባቴ መድኃኒት ሰርትራሊን ከማስመሰያው በግልጽ አልበለጡም።

እኔን የሚያስፈራኝ መሥራቱ ነው። ፍሉኦክሰቲን ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ያበዛል፤ ዕፁም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ ሲደረቡ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ሲብስም ከፍተኛ ትኩሳትና መቀባዠር ሊመጣ ይችላል። «እንግዲያው ዛሬ አስቁሜ ነገ ላስጀምር» እንዳትዪ፤ ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ነው። ከእሱ ጋር የማይስማማ ነገር ለመጀመር አምስት ሳምንት ያህል መጠበቅ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ለውጥ አላየሁም ላልሽው ሦስት ሳምንት ለፍርድ ያንሳል። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ መሀል «መኖር ሰለቸኝ» ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካሉ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ብቻቸውን ሳትተያቸው በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ማንም ያልጠየቀውን ልጨምር። ዲክሎፌናክና ፍሉኦክሰቲን አብረው ሲወሰዱ ጨጓራ የመድማት አደጋ ይጨምራል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቃል? እናትሽን ያከሙት ሐኪም ስለ ዲክሎፌናኩና ስለ ዱቄቱ ተነግሯቸዋል?

ታላቅ ልጅ

አልነገርንም። «የባህል መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ አጠገቧ ሆኜ «አልወስድም» ስትል ሰማኋት። ይቆጡኛል ብላ ነው። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ሰገራዋ እንኳ ደህና ነው አለች።

መልስ፦ ተሸውጃለሁ (አዳማ)

እኔን ያስደነገጠኝ «በሦስተኛው ቀን» ያልሽው ነው። ቅጠልና ሥር እንዲህ አይሮጥም። እኔም ለእጄ አንጓ እንዲሁ ያለ ዱቄት ስምንት ወር ወስጃለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ነበር። ከዚያ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፤ ክንዴ በትንሽ ነገር ይበልዝ ጀመር። ሰዎች «ተመቸሽ፣ ወፈርሽ» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል! ሻጩ ለበዓል ክፍለ አገር ሄዶ ዱቄቱ ባለቀብኝ በአምስተኛው ቀን እያስመለሰኝ ወደቅኩ።

ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ፣ ሰውነቴ ራሱ ማምረት ያለበትን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ማምረት አቁሟል አለኝ። ዱቄቱ ውስጥ እንደ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ (ጠንካራ ብግነት አብራጅ መድኃኒት) ተፈጭቶ ሳይገባበት አልቀረም ነው ያለው። እንዲህ ያለው ማጭበርበር በብዙ አገሮች የቁርጥማት «ዕፅ» ተብለው በሚሸጡ ዱቄቶች ውስጥ ተገኝቷል። የእናትሽን ፊት ልብ ብለሽ እዪ። በድንገት ግን አታስጥያቸው፤ አምስት ሳምንት ጥቂት አይደለም። ዱቄቱን ራሱን ይዘሽ ነገውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

መልስ፦ ባለ መድኃኒት ቤት (ሐዋሳ)

ትክክል ብላለች። በዚያ ላይ ስቴሮይድ ራሱ እንቅልፍ ይነሣል፤ ስሜትን ያዛባል። የምታዪው ነገር ሁሉ ከኀዘኑ ብቻ የመጣ ላይሆን ይችላል። ከዲክሎፌናክ ጋር ሲደረብም ጨጓራን ይበልጥ ይጎዳል።

መልስ፦ የዕፅዋት መምህር (ሐዋሳ)

ሰው ከመሳሳቱ በፊት ስለ ስሞቹ ትንሽ ልበል። ሴንት ጆንስ ዎርት የእኛ አሜጃ ዘመድ ነው። በባሌ ተራሮች ቢጫ አበባ አብቦ የምናየው አሜጃ ግን ሌላ ዝርያ ስለሆነ፣ ጀርመን ውስጥ የተፈተነው የእንክብል ውጤት ለእሱ ምስክር አይሆንም። ቅጠሉን ቀቅሎ መጠጣት ማለት መጠኑን ሳያውቁ መሞከር ነው።

«አሽዋጋንዳ» እየተባለ ለጭንቀት የሚሸጠው ደግሞ እናቶቻችን ለመታጠኛ የሚያውቁት ግዛዋ ነው። ተማሪዎቼ የመንገድ ዳሩን ግዛዋ ሳሳያቸው አያምኑኝም፤ የሚያውቁት በውድ ዋጋ ከውጭ የሚመጣውን ነውና። በጭንቀት ላይ አንዳንድ ትንንሽ ሙከራዎች ጥሩ ውጤት አሳይተዋል፤ የጉበት ጉዳትም ተመዝግቦበታል። ዴንማርክ በ2023 እ.ኤ.አ. አግዳዋለች።

መልስ፦ ጋሽ ጡረተኛ (አዳማ)

ልጆቼ፣ የአገሩን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ሌባ አትመዝኑት። ዳማከሴ አሽቶ በቡና ጠጥቶ ምች ያልለቀቀው ማን ነው? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው አይደል የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል ነገር ያገኙት?

መልስ፦ የዕፅዋት መምህር (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ዶክተር አክሊሉም ግን አይተው አላበቁም፤ ዓመታት ፈተኑት። የዳማከሴ ጭማቂ ትኩሳት ማብረዱ በአይጦች ላይ ታይቷል። ከአይጥ እስከ እናት ድረስ ያለው መንገድ ገና ነው።

መልስ፦ ላብራቶሪ (አዳማ)

ብግነትና ድባቴ ይያያዛሉ ያልሽው ውሸት አይደለም፤ ለሁሉም ሰው ግን አይሠራም። ድባቴ ካለባቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ምልክት በደማቸው ውስጥ ከ3 ሚሊግራም በሊትር በላይ ሆኖ ይገኛል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ መድኃኒት ላልበጀላቸው 60 የድባቴ ሕሙማን ኢንፍሊክሲማብ የተባለ ጠንካራ ፀረ ብግነት መድኃኒት ሰጥቶ ነበር። በጥቅሉ ከማስመሰያው አልተሻለም። የተሻሻሉ የመሰሉት ሲአርፒያቸው ከመነሻው ከ5 በላይ የነበሩት ናቸው።

እርድን በተመለከተ ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ከዱቄቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ውስጥ 90 ሚሊግራም ያህል ቢገኝ ነው፤ ያም ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በጥቂቱ ነው። ሕንድ ውስጥ 60 ሕሙማንን ለሦስት ከፍለው ለአንዱ ቡድን ፍሉኦክሰቲን፣ ለአንዱ በቀን 1,000 ሚሊግራም ኩርኩሚን፣ ለአንዱ ሁለቱንም ለስድስት ሳምንት ሰጥተው ነበር። ሁለቱን አብረው የወሰዱት ትንሽ የተሻሉ ቢመስሉም ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም፤ ማስመሰያ የወሰደ ቡድንም አልነበረም። በዚህ ላይ ተመሥርቼ የእናቴን ክኒን አላስቆምም።

መልስ፦ የወንጂ ልጅ

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ እናትሽ የት ነው ያደጉት? ጥርሳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ? እኛ ወንጂ የስኳር ፋብሪካው ካምፕ ያደግን ልጆች የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ጥርሳችንን ብቻ ሳይሆን የብዙ አባቶቻችንን አጥንት አበላሽቷል። ወገብና ጉልበት ይደርቃል፤ ሰው ቁርጥማት ይለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በእጅጉ ያልፋሉ። ይህን የሚለየው ራጅ ነው። እርድ አጥንት ውስጥ የገባ ፍሎራይድ አያወጣም።

ታላቅ ልጅ

እናቴ ያደገችው ወንጂ ነው! ጥርሷም እንዳልከው ነው፤ ዕድሜ ልኬን ሳየው አንድም ቀን ከጉልበቷ ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

ሌላ የደበቅሁትም አለ። ሁለተኛውን ብልቃጥ እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። እኔም ከአባቴ ወዲህ ደህና አይደለሁም። ሌላ መድኃኒት አልወስድም፤ ክንዴ ውስጥ የተቀበረው የወሊድ መከላከያ ብቻ ነው ያለኝ።

መልስ፦ ባለ መድኃኒት ቤት (ሐዋሳ)

እንኳን ተናገርሽ። ዕፁ ጉበት መድኃኒት የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ በክንድ የሚቀበረውንም ሆነ የሚዋጠውን መከላከያ ያደክማል፤ ክንዳቸው ላይ ተቀብሮላቸው ይህን ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ማርገዛቸው ተመዝግቧል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ፣ የልብ ሕመምተኞች ዲጎክሲን የሚወስዱ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር የሚወስዱም ይህን ያንብቡት። ዛሬውኑ አቁሚ። ካቆምሽበት ቀን ጀምሮ 28 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ፤ ከጀመርሽ ወዲህ ግንኙነት ከነበረ ደግሞ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ለራስሽም ሐኪም እዪ። ኀዘኑ የእናትሽ ብቻ አይደለም።

ታላቅ ልጅ (ከ12 ቀን በኋላ)

በቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው አንድ በአንድ አነሡት። አልተቆጡም። እናቴም ይህን ስታይ ከእኔ የደበቀችውን ሌላ ዱቄት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣች! ዲክሎፌናኩ ቆመ። ዱቄቱን አስትተው በምትኩ ልኩ የታወቀ ፕሬድኒሶሎን አዘዙላት፤ በየሳምንቱ ይቀንሱላታል። ራጁም የደም ምርመራውም ታዝዟል፤ ውጤቱ ማክሰኞ ነው። ክኒኑ ቀጥሏል። ትናንት ጎረቤት ቡና ጠርተዋት ሄደች፤ ሁለተኛውን ሳትጠጣ ብትመለስም።

የእኔ ምርመራ ምንም የለውም። እናቴ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላለች፦ «እርዱን ከአልጫዬም ላውጣው?»

መልስ፦ ባለ መድኃኒት ቤት (ሐዋሳ)

አልጫቸውን እንደ ወትሮው ይሥሩ። የወጥ እርድ ችግር የለውም፤ የከለከልነው እንክብሉን ነው። አንቺ ግን እንክብሉን ያቆምሽበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ፤ 28ቱ ቀን ገና አልሞላም።