ሟቹ አባቴ በሕልሜ ያዘዙኝን እንዴት ልረዳው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አምና ያረፉት አባቴ ከፍልሰታ ጾም ወዲህ በተደጋጋሚ በሕልሜ ይታዩኛል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋችን ላይ ይቆሙና «ወንድምህ ውጭ አድሯል፤ አስገባው» ይሉኛል። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በውርስ መሬት ሰበብ ከተኳረፍን ቆይተናል። አክስቴ «ተዝካር መጠየቃቸው ነው፤ ተበድረህም ቢሆን ደግስ» ይላሉ፤ አንድ ሕልም ፈቺ ደግሞ የመሬት ድርሻዬን በሙሉ ካልለቀቅሁ ቤቴ እንደማይባረክ ነግሮኛል። እንዲህ አድርግ የሚል ሕልም መቼ ነው የሚፈጸመው? ፍችውንስ በምን ልመዝነው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 መልአኩ ዮሴፍን ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ በሕልም ሲያዘው ምክንያቱንም መድረሻውንም አብሮ ነግሮታልና ፈቺ አላስፈለገውም። በዘፍጥረት 41 የምናነበው የፈርዖን ሕልም ግን በላሞችና በእሸቶች የተሸፈነ ስለ ነበር ፈቺ ይሻ ነበር፤ እዚያም ቢሆን በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አንድ አምስተኛው ይከማች የሚለው ሐሳብ በሕልሙ ውስጥ የታየ ሳይሆን፣ የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ ፍችውን ከጨረሰ በኋላ ለብቻው ያቀረበው ምክር ነው። ያንተን ሕልም በዚህ ዓይን ብታየው፣ አባትህ ስለ ድግስም ሆነ ስለ መሬት ትንፍሽ አላሉም፤ ያነሡት ወንድምህን ብቻ ነው። ብድሩንና ድርሻውን የጨመሩት ፈቺዎቹ ናቸው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ቢባልም፣ ፈቺ ያሻውን ሁሉ ይጨምርበት ማለት አይደለም።

ደግሞም ትእዛዙ እውነት ቢሆን እንኳ ጥድፊያ አያስፈልገውም። በግሸን ትውፊት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ «መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር» የሚል ቃል በሕልም ከሰሙ በኋላ መስቀልኛውን አምባ እስኪያገኙ ሦስት ዓመት ፈልገዋል ይባላል። ሕልሙን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ለነፍስ አባትህ ንገራቸው፤ የአክስትህን ፍች ግን አትቀላቅልበት።

መልስ፦
እኔ ሙስሊም ነኝ። በሐዲስ እንደተነገረን ሕልም ሦስት ዓይነት ነው፦ ከአላህ የሆነ ብስራት፣ ከሸይጧን የሆነ ማስጨነቂያ፣ እንዲሁም ሰው በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለው ነገር። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) በሕልማቸው የታዘዙትን ለመፈጸም የተነሡት የነቢያት ሕልም ወሕይ (ከአላህ የሚወርድ ራእይ) ስለሆነ ነው፤ የእኛ ሕልም ግን የተከለከለውን አይፈቅድም፣ ያልተደነገገውንም ግዴታ አያደርግም። ኢስቲኻራ (በአንድ ጉዳይ የተሻለውን እንዲመርጥለት አላህን የሚለምንበት ሶላት) የሰገደ ሰው እንኳ ሕልም እስኪያይ እንዲጠብቅ አይገደድም። ወንድምን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ ደግሞ ሕልም ታየም አልታየም በሐዲስ የተከለከለ ነው።

መልስ፦
የሚወዱትን ሰው በሞት ያጡ ሰዎች ሟቹን በሕልማቸው ማየታቸው የተለመደ ነው፤ በተለይ ሳይቋጭ የቀረ የቤተሰብ ጉዳይ ሲኖር ሐሳቡ በሌሊት ይመለሳል። ስለዚህ እንደነቃህ፣ ለማንም ሳታወራ፣ የሰማኸውን ቃል እንዳለ ጻፈው፤ በየጊዜው በተተረከ ቁጥር መልኩ ይለወጣልና። ድርሻህን ልቀቅ ያለህ ሰው ገንዘብ ተቀብሎህ ከሆነ ወይም በመሬቱ ጉዳይ የሚጠቀም ዘመድ ካለው ፍችውን ጨርሶ ተወው። ለወንድምህ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሽማግሌዎች ላክ፤ ይህን በማድረግህ፣ ሕልሙ ከየትም ይምጣ፣ የምትጎዳው ነገር የለም። መሬቱን የሚመለከት የምትፈርመው ወረቀት ካለ ግን እርቁ ወርዶ ተረጋግታችሁ እስክትነጋገሩ ድረስ ይቆይ።