ዘፈን ሲተረጎም፦ ጅማ ላይ ከእናቴ ጋር ያየሁት ፊልም

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

እህታችን ባለፈው ሳምንት ስደት ትዳርን እንዴት እንደሚፈታተን በእርጋታ የሚያሳይ ፊልም እንድንጠቁማት ስለ ጠየቀች፣ መልሴን ለዕረፍት ከመጣሁበት ከጅማ እጽፋለሁ። ፊልሙ ፖላንዳዊው ፓቬል ፓቭሊኮቭስኪ በ2018 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ያገኘበት «ቀዝቃዛው ጦርነት» ነው። በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ከ90 ደቂቃ የማይበልጥ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ለወላጆቹ መታሰቢያ አድርጎታል። ለልጆች እንደማይሆን ግን አስቀድሜ ላሳስብ።

ታሪኩ በ1949 እ.ኤ.አ. ሲጀምር፣ ቪክቶር የተባለ ሙዚቀኛ በፖላንድ ገጠር እየዞረ የባላገሩን ዘፈን በቴፕ ይቀርጻል፤ ለባህል ቡድን ምልመላ ሲካሄድም ከዙላ ጋር ይተዋወቃሉ። በ1952 በርሊን ላይ እርሱ ወደ ምዕራብ ሲሻገር እርሷ ትቀራለች። በኋላ ፓሪስ ላይ አብረው መኖር ሲጀምሩ ከሚያጣሏቸው ነገሮች አንዱ የግጥም ትርጉም ነው። ዙላ በፈረንሳይኛ እንድትዘፍነው በተሰጣት ግጥም ውስጥ «ፔንዱለሙ (የግድግዳ ሰዓት ተወዛዋዥ ዘንግ) ጊዜን ገደለው» የሚል ስንኝ ታገኝና ምን ማለት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ቪክቶር ዘይቤ መሆኑን ቢያስረዳትም አይዋጥላትም። ተርጓሚዋ የእርሱ የቀድሞ ወዳጅ መሆኗ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

ፊልሙን ያየነው ሂርማታ በሚባለው የጅማ ሰፈር እናቴ ቤት፣ ላፕቶፑን ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ አስቀምጠን ነው። ጀርመንኛውን የግርጌ ጽሑፍ እኔ እየተረጎምኩላት ዝም ብላ ትከታተል የነበረችው እናቴ፣ እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ ቡና የምትለቅምበትን ሰፌድ አስቀምጣ ሳቀች። የሳቀችበት ምክንያት እንዲህ ነው፤ አምና በስልክ ለልጄ ስታንጎራጉርላት፣

ቡናም ተወቀጠ፣ ጀበናም ተጣደ፣
ምን ያደርጋል ታዲያ ጠጪው ልጅ ከሄደ።

ብላት ነበር። እኔም ቃል በቃል ወደ ጀርመንኛ ስመልሰው «ጠጪው» ሰካራም ሆኖ አረፈው፤ ልጄም አባቷ ጅማ ሳለ መጠጥ ያበዛ እንደነበር አያቷን ጠየቀቻት። ከዚያ ወዲህ ግጥሙን መተርጎም ትቼ፣ ልጄ ዜማውን በአማርኛ እንዳለ እንድትይዘው አድርጌያለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ፊልሙ ዓመታቱን እየዘለለ ስለሚሄድ እናቴ ሁለት ጊዜ «ደግሞ መቼ ታረቁ?» ብላኛለች፣ እኔም መልስ አልነበረኝም።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ስለ ጥቆማዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ቅዳሜ እናየዋለን። የእናትዎን ስንኝ ግን አጋሮ ለምትገኘው እናቴ በስልክ ባነብላት፣ «ጠጪው» ሳይሆን «ቀጂው ልጅ ከሄደ» ነው የሚባለው ብላ አርማኛለች። እባክዎ እዚያው እያሉ እማማን ይጠይቁልኝ።