ሦስቱም ፕሮፎርማ ከአንድ እጅ ሲወጣ መፈረም ይቻላል?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጸጋ ይብዛላችሁ። አንድ ክርስቲያን የግዥ ኮሚቴ አባል ነው እንበል። ሦስት ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ይቀርባል፤ ሦስቱም ከአንድ ሰው እጅ እንደወጡ ያስታውቃሉ። አለቃው «ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው፣ አንተ ብቻ ጻድቅ ልትሆን ነው?» ይላል። ከመፈረምና ሥራ ከመልቀቅ ሌላ መንገድ አለ? ለራስ ጉዳይ ቢሮ ሲኬድ የሚጠየቀው የ«ሻይ» ገንዘብስ?

ሚዛን፦
ወንድሜ፣ መልቀቅ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ዳንኤልን ሊከሱ የፈለጉት ሰዎች ስሕተት ያጡበት እዚያው ቤተ መንግሥት እየሠራ ነው (ዳን. 6፥4)።

«ያስታውቃሉ» በሚል አትለፈው፤ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርጋቸው። ማኅተሙ ተለያይቶ የፊደል ግድፈቱ አንድ ዓይነት ነው? ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ስልክ ይጠራሉ? የተሸናፊው ዋጋ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከአሸናፊው እኩል 5 በመቶ ከፍ ይላል? እውነተኛ ተወዳዳሪ አንዱን ዕቃ አስወድዶ ሌላውን ያረክሳል እንጂ እንዲህ አይሄድም።

ያየኸውን ብቻ በማስታወሻ ጻፍ። «ሌባ ነው» የሚል ቃል አታስገባ፤ መጥምቁ ዮሐንስ «በሐሰት አትክሰሱ» ያለው ለባለ ሥልጣንም ለተራ ወታደርም ይሠራል (ሉቃ. 3፥14)። ቀጥለህ፣ ፕሮፎርማውን ካመጣው ሰው ውጭ ሁለት ሰዎች አዲስ ዋጋ እንዲሰበስቡ ጠይቅ። ካልተቀበሉህ «የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» በል፤ ከመፈረምህ በፊትም መያዙን አንብብ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ በአፉ ይቃወምና በእጁ ይፈርማል። ኦዲተር የሚያገኘው ፊርማውን ነው። ማስታወሻህን በመዝገብ ቤት አስመዝግበህ ቁጥሩን ያዝ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ግን ወደ ቤት አትውሰድ።

ደጅ ጠኚ፦
ስለ «ሻይ»ው፦ ጉቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በጥድፊያ በኩል ነው። ፈቃዱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የሚሄድ ሰው ለመደራደር ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቀደም ብሎ፣ ሰነድ አሟልቶ፣ የተለጠፈውን የአገልግሎት ክፍያ አይቶ መሄድ ነው። ገንዘብ ሲጠየቅ ድምፅን ሳያነሡ «እሺ፣ ደረሰኝ ይቆረጥልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ነገሩን ይዘጋዋል። ካልዘጋው የቅርብ ኃላፊው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ደግሞም የማይገባን ለማግኘት መክፈልና የሚገባን ተነፍጎ መክፈል በኅሊና ፊት እኩል አይመስሉኝም።

ዘኬዎስ፦
እኩል አይደሉም፣ እስማማለሁ። ግን ልዩነቱን ቶሎ ፈቃድ አታድርገው፤ በብዙ አገር ሕግ ሁለቱም ያስቀጣሉ። የሮም ገዢው ፊልክስ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ደጋግሞ ያስጠራው ነበር፤ ጳውሎስ ግን ሁለት ዓመት ታስሮ ቆየ (ሐዋ. 24፥26-27)። መሣሪያ ደግኖ የሚቀበል ሰው ነገር ሌላ ነው፤ እሱ ዝርፊያ ነው።

ማንም ያልጠየቀውን ልጨምር፦ ቀድሞ የተወሰደ ገንዘብስ? በዘሌዋውያን 6 ሕግ ዋናው ከአምስተኛው ጋር ይመለሳል፤ 1,000 የወሰደ 1,200 ማለት ነው። ስሙን የተዋስኩት የወንጌሉ ቀራጭ ዘኬዎስ ግን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። የሚመለሰው ለባለቤቱ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት የተወሰደው ለመሥሪያ ቤቱ። ዐሥራት አድርጎ ማስገባት መመለስ አይደለም። ለካህኑ የሚሰጠው የሚቀበል ባለመብት ሲጠፋ ነው (ዘኍ. 5፥8)። መመለስ በሕግ ፊት ጥፋትን እንደ ማመን ሊቆጠር ስለሚችል ግን አስቀድሞ ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ኮሚቴው በአብላጫ ድምፅ ካሳለፈው በኋላ ዕቃውን ተረከብ ቢባልስ?

ሚዛን፦
ርክክብ ሌላ ፊርማ ነው። ቆጥረህ፣ ዓይነቱን ከውሉ ጋር አመሳክረህ የደረሰውን ልክ ጻፍ፤ 40 ታዝዞ 36 ከመጣ 36 በል። «ቀሪው ነገ ይመጣል» ቢሉህም ነገ ሲመጣ በነገው ቀን ትፈርማለህ። ባዶ ቅጽ ላይና ወደ ኋላ በተጻፈ ቀን ላይ ፈጽሞ አትፈርም።

ደጅ ጠኚ፦
ከዚህ ሁሉ በፊት የሦስት ወር ወጪ ይቀመጥ፣ ከአለቃም ብድር አይወሰድ። ዕዳ ያለበት ሰው «አልፈርምም» ለማለት ይከብደዋል።