ለሲአይኤስኤስፒ ስልጠና ልግባ ወይስ በራሴ ላንብብ?

የራውተሩ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ ኔትወርክ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ፋየርዎሉም (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደው)፣ ቪፒኤኑም (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ መስመር የሚዘረጋው)፣ የቅርንጫፎቹ ራውተርም በእጄ ያለፈ ነው። ዲግሪዬ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ወደ ሴኪዩሪቲ ክፍል መዛወር ስለምፈልግ ለሲአይኤስኤስፒ (CISSP)፣ ማለትም ለመረጃ ደህንነት ባለሙያዎች ሰርተፍኬት ፈተና፣ ልዘጋጅ ወስኛለሁ። አንድ ማሰልጠኛ ሄጄ ስጠይቅ፣ በአምስት ቀን ጨርሰህ ትፈተናለህ፣ የሚወጣውንም ጥያቄ እንሰጥሃለን አሉኝ። ክፍያው የብዙ ወር ደሞዜ ነው። ፈተናው ብቻውን 749 ዶላር ነው፤ ብወድቅ ድጋሚ የምከፍለው የለኝም። ደግሞ መለማመጃ ጥያቄ ስሠራ ብዙ የምሳሳተው ሌላው ላይ ሳይሆን የገዛ ሥራዬ የሆነው ኔትወርክ ላይ ነው። ይሄ ግራ አጋብቶኛል። ያለፋችሁበት ሰዎች እባካችሁ ምከሩኝ።

ከአሌክሳንድሪያ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን ጥያቄ እንሰጥሃለን ያለህን ቦታ ተወው። ፈተናው ሊጀመር ሲል ጥያቄዎቹን ላለማውጣት ትስማማለህ። ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው አይኤስሲ2 የስነ ምግባር ደንብ አለው፤ ደንቡን የጣሰ ሰው ሰርተፍኬቱን ሊነጠቅ ይችላል። ታማኝነትህን የሚመሰክር ወረቀት በተሰረቀ ጥያቄ አይያዝም።

እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። እዚህ ለመከላከያ መሥሪያ ቤት በሚሠሩ ድርጅቶች ዘንድ ይሄ ሰርተፍኬት ለብዙ የሥራ መደብ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ብዙ አበሻ ይፈተናል። የወደቁትን ሳይ አብዛኞቹ ጎበዝ ቴክኒሻኖች ናቸው። ያንተም ችግር እሱ ይመስለኛል፤ ጥያቄውን ሳትጨርስ ወደ መሣሪያው መሮጥ። እስቲ ይቺን ከራሴ ያወጣኋትን ጥያቄ ሥራ፦ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በደህና እንዲገናኝ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ቪፒኤን መዘርጋት፣ ፋየርዎል መትከል፣ የሚተላለፈው መረጃ ምን እንደሆነና ምን ያህል ጥበቃ እንደሚያስፈልገው መለየት፣ ወይስ የቅርንጫፉን ሠራተኞች ማሰልጠን? አራቱም ልክ ናቸው። ግን "መጀመሪያ" የምትለዋን ቃል አትለፋት። ምን እንደምትጠብቅ ሳታውቅ ቪፒኤኑን በምን አቅም ልትዘረጋ ነው? እጅህ ወደ መሣሪያው ሳይሮጥ፣ ለባንኩ ኃላፊዎች ምክር እንደሚሰጥ ሰው ሆነህ አንብበው።

ኦዲተሯ
ሰላም ወንድሜ፣ እኔም አዲስ አበባ ነኝ፤ በራሴ አንብቤ ነው ያለፍኩት። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን "እንደ ማናጀር አስብ" የሚለውን ምክር ብቻ ይዘህ አትግባ። ኬርበሮስ (የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጠው ሥርዓት) ቲኬት እንዴት እንደሚሰጥ፣ በምስጠራ የሕዝብና የግል ቁልፍ ልዩነቱ ምን እንደሆነ በቀጥታ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። እዚያ ማወቅ ነው እንጂ ማመዛዘን አያወጣህም።

ፈተናው ከሚሸፍናቸው ስምንት ክፍሎች ትልቁ የደህንነትና የስጋት አስተዳደር ነው፣ 16 በመቶ ይይዛል፤ ከሱ ጀምር። ለኔትወርክ ሰው ጠጣሩም እሱ ነው። ስለ ግል መረጃ የሚለው አልገባ ብሎኝ ነበር፤ የኛን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016ን፣ ጎን ለጎን ሳነበው ነው የገባኝ። ፈተናው የኛን አዋጅ አይጠይቅም፤ ግን መረጃውን የሚያዝበት አካልና በሱ ትእዛዝ የሚሠራው አካል እንዴት እንደሚለያዩ በራስህ ባንክ ምሳሌ ስታየው አይረሳህም።

ማንም ያልነገረህ አንድ ነገር ልጨምር። ፈተናውን ማለፍ ብቻውን ሰርተፍኬት አያሰጥም። ከስምንቱ ቢያንስ በሁለቱ ላይ፣ ደሞዝ የተከፈለበት የአምስት ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ዲግሪህ አንዱን ዓመት ይቀንስልሃል። ኔትወርክ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለተኛውስ? የተጠቃሚ ፈቃድ ሰጥተህ ታውቃለህ? የሎግ (የሲስተም እንቅስቃሴ መዝገብ) ክትትል ሠርተሃል? ከወዲሁ በዝርዝር ጻፈው። ካለፍክ በኋላ በዘጠኝ ወር ውስጥ የአይኤስሲ2 አባል የሆነ ሰው፣ ካልተገኘም ራሱ አይኤስሲ2፣ ልምድህን ማረጋገጥ አለበት። ልምዱ ካልሞላ ተባባሪ አባል ትሆናለህ፣ ለማሟላት ስድስት ዓመት ይሰጥሃል።

ዱባይ ያለሁ
እኔ አንዴ ወድቄ ነው ያለፍኩት፤ የጣለኝ ሰዓት ነው። ከ100 እስከ 150 ጥያቄ ነው፣ በሦስት ሰዓት። የእንግሊዝኛው ፈተና በመልስህ እየተመራ ቀጣዩን ይመርጥልሃል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸውን ሦስት ጊዜ እያነበብኩ ቆየሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ሆነ። 150 ቢደርስብህ ለአንዱ ከደቂቃ ትንሽ በላይ ነው ያለህ። በሰዓት ተለማመድ። የወደቀ ሰው ለሁለተኛው ሠላሳ ቀን ይጠብቃል፣ ክፍያውም እንደገና ሙሉ ነው። ካለፍክ በኋላም ዓመታዊ ክፍያ አለ፣ 135 ዶላር፤ ባንክህ ይሸፍን እንደሆነ ካሁኑ ጠይቅ።

የራውተሩ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማሰልጠኛውን ትቼዋለሁ። እህቴ፣ የቅርንጫፍ ሠራተኞችን የቪፒኤን ፈቃድ የምሰጠውም የምሰርዘውም እኔ ነኝ፣ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለተኛው ክፍል ሆኖ እንደሚቆጠር አላሰብኩም ነበር። ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ ጥያቄህን መልሱን ሳላይ ነው የሠራሁት። ቪፒኤን ነው ያልኩት። ከቻልክ እንደሱ ያሉ ሌሎች ጣልልኝ።