ለሃይኪንግ ጉልበት የቱ ይሻላል፦ ማሰሪያ፣ ዱላ፣ ጄል ወይስ ፊዚዮ (የእንቅስቃሴ ህክምና)? (ጥቆማ)

ሰላም ቤተሰብ። 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስደርስ ጉልበቴ ያስቸግረኛል፣ ዳገቱን ምንም አልልም፣ ቁልቁለት ስጀምር ነው ከሎሚው ስር የሚወጋኝ። ማሰሪያ ልግዛ ወይስ ኪኒን ይዤ ልሂድ? የሞከራችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ።

▪ ወንድሜ እኔ ሁሉንም ሞክሬ ስለጨረስኩ ልንገርህ። መጀመሪያ የገዛሁት ማሰሪያ ነው፣ ያው ሁላችንም ከዛ ነው የምንጀምረው። እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ያሞቃል፣ ጉልበትህ የተያዘ ይመስልሃል፣ የሚያርፍበትን ጫና ግን አይሸከምልህም። ከሎሚው በታች የምታስረው ቀጭኑ ቀበቶ ደሞ ሌላ ነው፣ ህመሙ እዛው ጅማቱ ላይ ለሆነበት ሰው ሊረዳ ይችላል። እኔማ ጠባብ ቁጥር ገዝቼ ከሰዓት ላይ ባቴ አብጦ፣ ሳወልቀው የስፌቱ መስመር ቆዳዬ ላይ ታትሞ፣ የቀረውን መንገድ ቦርሳዬ ላይ አንጠልጥዬው ነው የሄድኩት።

ለውጥ ያየሁት በዱላ ነው፣ ያውም በሁለት። ሜዳ ላይ ቆመህ ስትይዘው ክንድህ 90 ዲግሪ እንዲታጠፍ ታስተካክለዋለህ፣ ቁልቁለት ሲመጣ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ታስረዝመዋለህ፣ ከእግርህ ቀድሞ መሬት መንካት አለበት። ብዙ ሰው ከኋላው እየጎተተው ይሄድና አይሰራም ይላል። ስትገዛ መቆለፊያው በጣት ተከፍቶ የሚዘጋውን ምረጥ፣ የኔ የመጀመሪያው የሚጠመዘዝ ነበር፣ ጭቃ ገባበትና ቁልቁለት መሃል ስደገፈው ሸርተት ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ በቂጤ ነው የወረድኩት 😂

ከኪኒንና ከጄል ጄሉን እመርጣለሁ። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የህመም ማስታገሻ ጄል ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ በጣም ያነሰ ነው፣ ግን አንዴ ቀብተህ ተአምር አትጠብቅ፣ ቀናት ይፈልጋል፣ ቀብተህም በማሰሪያ አትሸፍነው። የህመም ኪኒኑን አይቡፕሮፌንን ውሃ ጠጥተህ ሳትጠግብ በላብ ላይ ከወሰድከው ኩላሊትህን ልትጎዳ ትችላለህ፣ ደሞ ህመሙን ይደብቅብህና እያባባስከው ትቀጥላለህ። ለመገጣጠሚያ ይሆናል እያሉ ግሉኮሳሚን ብለው የሚሸጡትን ኪኒን እለፈው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው 1,583 ሰው ያሳተፈ ጥናት ላይ በጥቅሉ ከባዶ ኪኒን አልተሻለም።

ፊዚዮ ሁለት ቦታ ሄጃለሁ። አንደኛው ማሽን ለጥፎብኝ ወጥቶ ስልክ ያወራል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ነቅሎ ይሸኘኛል። ሁለተኛዋ ደረጃ ላይ አቁማኝ በአንድ እግር ቀስ ብለህ ውረድ አለችኝ፣ መስታወት ውስጥ ሳይ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ይጣመማል፣ ለካ ዳሌዬ ነው የደከመው። ያንኑ መውረድ ቤት ውስጥ በየቀኑ እየሰራሁ እስኪሻለኝ ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ማሽን ብቻ የሚለጥፍ ካጋጠመህ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

▪ በዱላው እስማማለሁ፣ ማሰሪያውን ግን እንደዛ አታጣጥለው ወንድሜ፣ እኔ የቆየ የመገጣጠሚያ ህመም ስላለብኝ ጠዋት በብርድ ሳጠልቀው እግሬ ቶሎ ይፍታታል። ቦርሳውንስ ለምን ረሳኸው? ውሃና ልብስ ቀንሼ ሳይሆን "ምናልባት" ብዬ የያዝኩትን ሁሉ አውጥቼ ነው የቀለለኝ። ቁልቁለት ላይ ደሞ እርምጃሽን አሳጥሪ ብለውኝ ነበር፣ ነገሩ ቀላል ነው ግን ሲደክምሽ ይረሳል። ጠያቂው፣ ጉልበትህ ካበጠ፣ አልዘረጋ ብሎ ከተቆለፈ ወይ ድንገት ከከዳህ እኛን ሳይሆን ሐኪም ጠይቅ እሺ?

▪ እሺ እህቴ፣ እብጠት የለውም። የሚጠለቀውን ልገዛ ነበር ተውኩት፣ ዱላና ፊዚዮ ይሁን። አሁን ደረጃ ላይ ቆሜ ሞከርኩት፣ የግራው ቀጥ ብሎ ወረደ፣ የቀኙ ሶስተኛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የሚያመኝም ቀኙ ነው።