የካናቢስ መጠጥ የአረቄ ምትክ መሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ ጠያቂዋ፣ ከአራዳ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አጎቴ ምክር ፈልጌ ነው። ዕድሜያቸው 52 ነው፤ አረቄ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም፣ ባለፉት 2 ዓመታት ግን ጠዋት 2 መለኪያ ሳይቀምሱ ከቤት መውጣት ተስኗቸዋል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚኖረው ልጃቸው ለጥምቀት ሲመጣ ካናቢስ የገባበት መጠጥ 12 ጣሳ ይዞ ሊመጣ አስቧል፤ እዚያ ብዙ ሰው ቢራ ትቶ ወደዚህ መጠጥ እንደ ዞረና አልኮል የሚባል ነገር እንደሌለው ነግሮኛል። በላከልኝ ፎቶ ላይ ጣሳው ሎሚ የተሳለበት፣ ከማንኛውም ለስላሳ የማይለይ ሲሆን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «5 ሚ.ግ. ቲኤችሲ» ይላል። ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው? ወደ አገር ማስገባትስ ይቻላል? ከሁሉም በላይ አጎቴን ከአረቄው ያላቅቃቸዋል ወይ?

መልስ፦ የሚኒሶታ ነዋሪ

እዚህ መጠጡ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ሲሆን 21 ዓመት የሞላው ሰው ከመጠጥ መደብር ይገዛዋል። ቲኤችሲ ማለት በካናቢስ ውስጥ ያለው የሚያሰክር ንጥረ ነገር ነው፤ ዘይት ወዳድ ስለሆነ ከውኃ ጋር አይዋሐድም፤ ፋብሪካዎቹ ዓይን ወደማያያቸው ጠብታዎች ሰባብረው ነው በውኃው ውስጥ የሚበትኑት። በዚህም ምክንያት ካናቢስ ያለበት ብስኩት እስከ 2 ሰዓት ሊዘገይ ሲችል፣ መጠጡ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይሰማል። አልኮል የለውም ማለት አያሰክርም ማለት አይደለም፤ እኔ ራሴ አንድ ሠርግ ላይ የመጀመሪያውን ጠጥቼ 10 ደቂቃ ያህል ከጠበቅሁ በኋላ «ይህማ ውኃ ነው» ብዬ ሁለተኛውን ደገምሁ፤ የቀረውን ምሽት ልቤ እየደለቀ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አሳለፍሁት። ደግሞ እዚህም ነገሩ አልረጋም፤ በኖቬምበር 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ በአንድ ማሸጊያ ውስጥ ከ0.4 ሚ.ግ. በላይ ቲኤችሲ ያለበትን ምርት ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲከለከል ደንግጓል።

የአጎትዎ ልጅ የነገረዎት ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን እኔ የማውቃቸው ቢራ የተዉ ሰዎች ቅዳሜ ማታ ሁለት ጠርሙስ የሚጠጡ ነበሩ እንጂ ጠዋት መለኪያ የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ከአዘዞ

ማስገባት አይቻልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መያዝንና መጠቀምን በእስራት ይቀጣል። ዕፁ በለስላሳ ጣሳ መታሸጉም ሆነ የተገዛበት አገር መፍቀዱ መከላከያ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2020 ካናቢስን «ለቀቀው» ሲባል እሰማለሁ፤ የተደረገው ግን እ.ኤ.አ. ከ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት አራተኛ ሠንጠረዥ ማውጣት ብቻ ሲሆን በአንደኛው ሠንጠረዥ የተጣለበት ቁጥጥር እንዳለ ነው። ሻንጣው ቦሌ ላይ ቢፈተሽ ልጁ ጥምቀትን የሚያሳልፈው በአባቱ ቤት ሳይሆን በማረፊያ ቤት ነው።

መልስ፦ ነርስ፣ ከማራኪ

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጠዋት አረቄው ከመቅመሳቸው በፊት እጃቸው ይንቀጠቀጣል? ያልባቸዋል?

ጠያቂዋ፦

አዎ። ቡና ስንሰጣቸው ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይይዙታል፤ እንዲያም ሆኖ ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ይፈስሳል። ከሁለተኛው መለኪያ በኋላ ግን እጃቸው ይረጋል።

መልስ፦ ነርስ፣ ከማራኪ

እንግዲያው ዋናው ጉዳይ ምትኩ ሳይሆን አቋራረጡ ነው። ሰውነታቸው ያለ አልኮል መሥራት አቅቶታል። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያም በ3ኛው ቀን አካባቢ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ካናቢስ ይህን አያስቆምም፤ የሚሠራበት የአንጎል መንገድ ሌላ ነው፤ ፍርሃትንና የልብ ምትን ጨምሮ ነገሩን ሊያባብስም ይችላል። ሐኪም የሚሰጠው እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በየቀኑ እየተቀነሰ ሲሆን፣ የቫይታሚን ቢ1 መርፌም አብሮ ይታዘዛል። ስለዚህ ልጃቸው ሲመጣ አረቄውን ደብቃችሁ «ከዛሬ ጀምሮ በቃ» እንዳትሏቸው አደራ። መጀመሪያ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዛችኋቸው ሂዱ።

በነገራችን ላይ ካናቢስን «ዕፀ ፋርስ» የሚሉ አሉ። በዚሁ ስም የሚጠራው አስተናግር በየአጥሩ ሥር የሚበቅል መርዝ ነው፤ ማንም ሰው «እዚሁ አፍልተን እንሥራው» ቢላችሁ እንዳትሞክሩት።

መልስ፦ እናት፣ ከፒያሳ

ባለቤቴ ካቆመ 6 ዓመት ሆኖታል። ከሕክምናው በኋላ የከበደን መጠጡ ሳይሆን «በሞቴ» የሚለው ሰው ነበር፤ በማኅበርም ሆነ በሠርግ ባዶ እጅ ሲያዩ ዝም አይሉም። ስለዚህ ብርዝ በጥብጬ በብርሌ እሰጠው ነበር። ብርዝና ጠጅ በብርሌ ውስጥ ሲታዩ ስለማይለዩ ማንም አልጠየቀውም። ብርዙን ግን ጌሾ ሳታስነኪ በዚያው ቀን ጨርሱት፤ ካደረ ጠጅ ወደ መሆን ይሄዳል። ማልት የሚወዱ ከሆነም አልኮል የሌለው መሆኑን ከጽሑፉ አረጋግጠሽ ግዢላቸው፤ የቢራ ጣዕም ግን አምሮታቸውን የሚቀሰቅስ ከሆነ ይቅርባቸው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለልጃቸው ጣሳዎቹን እንዲተዋቸው ደውዬ ነገርሁት፤ መጀመሪያ ቢከራከረኝም የጠበቃውን መልስ ሳነብለት ዝም አለ። አጎቴ ሰኞ ለመሄድ ተስማምተዋል፤ ለጨጓራዬ ነው የምሄደው ብለው፣ ለጎረቤትም እንዲያው እንድንናገር አስጠንቅቀውናል።

መልስ፦ ነርስ፣ ከማራኪ

ለጎረቤት የፈለጉትን ይበሉ። ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ግን ስንት መለኪያ እንደሚጠጡና የመጨረሻውን መቼ እንደቀመሱ በትክክል ይንገሩት፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በዚያ ነው። እርሳቸው ካሳነሱት እርስዎ ያስተካክሉት። እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ በራሳቸው ፈቃድ በድንገት እንዳያቆሙ፤ መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ከታየባቸው ሰኞን ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።